ቁልፉን ማን ያቀብላል?

ለእንግዳ የሚከራይ ቤትዎን በር ለስማርት ቁልፍ ከማስረከብዎ በፊት

ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ቦሌ ሩዋንዳ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት። በእነዚህ ሰፈሮች ዕቃው የተሟላለትን ቤት በቀንና በሳምንት ማከራየት ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆኗል። አንዱ ከሪል እስቴት የገዛውን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ያከራያል። ሌላው ልጆቹ ውጭ ሲሄዱ ባዶ የቀረውን ፎቅ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ወንድሙ የሠራውን ቤት በአደራ የሚያስተዳድርም አለ። እንግዳውም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለሠርግ፣ ለገናና ለጥምቀት የሚመጣ ዲያስፖራ፣ ለሥራ የሚመላለስ ባለሙያ፣ ለሕክምና ከክልል የመጣ ቤተሰብ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጣጣ አንሶላ ማጠብ አይደለም። ቁልፍ ማቀበል ነው። በረራ በሌሊት ይገባል፣ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል። እናት ጋቢያቸውን ደርበው በር በር ሲያዩ ያድራሉ፤ ወይም ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንቅልፍ ያሸንፈዋል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ቁልፍ መንገድ ዳር በደቂቃዎች ውስጥ ይባዛል። ባለፈው ወር ያረፈው እንግዳ ቁልፉን ቢመልስም ኪሱ ውስጥ ሌላ ቅጂ እንደሌለ ማን ያውቃል? ዛሬ በዚያው ክፍል የምታድረው ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት ልትሆን ትችላለች።

ስማርት ቁልፍ ይህን ችግር ይፈታል። ለእያንዳንዱ እንግዳ የተለየ ኮድ ይሰጡታል፤ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ኮዱ ይሞታል። ነገር ግን በአዲስ አበባ በር ላይ የሚገጠም ቁልፍ በማስታወቂያው ላይ ካለው የተለየ ፈተና ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ በሩን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቁልፉ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ «አንድ ስማርት ሎክ ያዝልኝ» ይባላል። ዕቃው ሲመጣ ግን በሩ አይቀበለውም። የአሜሪካ ቁልፎች በአብዛኛው የሚሠሩት 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ላለው በር ነው። በከተማችን አፓርታማዎች በብዛት የምናየው የቻይና የብረት በር ደግሞ ረዘም ያለ የብረት ሣጥን በጠርዙ በኩል የሚቀበርበት ነው። የሁለቱ አሠራር አይገናኝም፤ የብረት በርን እንደ እንጨት ቦርቡሮ ማስተካከልም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት 4 ነገሮችን ይለኩ፤ የበሩን ውፍረት፣ ከበሩ ጠርዝ እስከ ቁልፉ ቀዳዳ መካከል ያለውን ርቀት፣ በጠርዙ ላይ የሚታየውን የብረት ሳህን ርዝመትና ስፋት፣ እንዲሁም በሩ ወደየት እንደሚከፈት። የበሩን ጠርዝ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ያሳዩ። የሚችሉ ከሆነ አሁን ያለውን የብረት ሣጥን አስወጥተው ይዘውት ይሂዱ።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። አሁን ባለዎት ቁልፍ በሩን ሲቆልፉ ከፍ ማድረግ ወይም በትከሻ መግፋት ያስፈልግዎታል? መልስዎ አዎ ከሆነ በሩ ዘሟል ማለት ነው። የእርስዎ ትከሻ የሚያግዘውን ሥራ ትንሿ ሞተር ብቻዋን አትችለውም። መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ይስታል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ከነጭራሹ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ብረት ሠሪ ጠርተው ማጠፊያውን ያስተካክሉ።

የግቢው የላሜራ በርም መታሰብ አለበት። የቤቱ በር በኮድ ቢከፈትም የግቢው በር በውስጥ መቀርቀሪያ የሚዘጋ ከሆነ እንግዳው ውጭ መቆሙ አይቀርም። እዚያ የሚገጠም መሣሪያ የክረምቱን ዝናብ የሚችል ይሁን፤ «አይፒ65» የሚለው ምልክት ከአቧራና ከሚረጭ ውኃ የተጠበቀ መሆኑን ያመለክታል። አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የሕንፃው ዋና መግቢያና ኮሪደር በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ነው። የራስዎን በር ይለውጣሉ እንጂ የጋራውን ያለ ማኅበሩ ፈቃድ አይነኩም። እንግዳ በሌሊት እንደሚገባም ለሕንፃው ጥበቃ አስቀድመው ያሳውቁ።

መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ

«መብራት ሲሄድ በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል?» ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። አብዛኞቹ የቤት ስማርት ቁልፎች በ4 ትናንሽ ድንጋዮች ወይም በሚሞላ ባትሪ ስለሚሠሩ ከቆጣሪው ጋር ግንኙነት የላቸውም። በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዘው ዓይነት ግን የተለየ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ በሩን ይለቀዋል። ለቢሮ መግቢያ ተብሎ የተሠራውን ይህን ዓይነት ለእንግዳ ቤት አይግዙ።

ድንጋዩ እንደ አጠቃቀሙ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አልካላይን ይጠቀሙ፤ አሮጌና አዲስ አያደባልቁ፤ ከእያንዳንዱ በዓል ሰሞን በፊት ይቀይሩ። የሚገዙት ቁልፍ በውጭ በኩል የመጠባበቂያ ኃይል መቀበያ ይኑረው። ድንጋዩ ካለቀ በታይፕ ሲ ገመድ ከፓወር ባንክ ኃይል ይሰጡትና ኮዱን ያስገባሉ። የብረት ቁልፍ ማስገቢያም ይኑረው፤ ያ ቁልፍ ግን ከቤቱ ውጭ፣ ከሚታመን ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ቤቱ ውስጥ የተቆለፈበት መጠባበቂያ ቁልፍ ለማንም አይጠቅምም።

ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበው ኢንተርኔቱ ነው። አንዳንድ ቁልፍ ኮዱን የሚቀበለው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፤ እርስዎ ከሥራ ቦታ የላኩት አዲስ ኮድ በሩ ጋ አይደርስም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። በሩ ያን ጊዜም መከፈት አለበት።

መፍትሔው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኮድ ነው። በገበያ ላይ በብዛት ከሚታዩት የቻይና ቁልፎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት «ቲቲሎክ» የተባለው መተግበሪያ እንዲህ ዓይነት ኮድ ያወጣል፤ «ኢግሉሆም» የተባለው የሲንጋፖር ድርጅትም እንዲሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መተግበሪያውና ቁልፉ አንድ ዓይነት የስሌት ቀመር አላቸው። መተግበሪያው ለተወሰኑ ቀናት የሚያገለግል ቁጥር ያወጣል፤ እንግዳው ቁጥሩን ሲያስገባ ቁልፉ በራሱ ሰዓት ተመሥርቶ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል። በሩ ጋ ኔትወርክ መኖር የለበትም። ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፤ «ዋይፋይ ሳይኖር አዲስ ኮድ መስጠት እችላለሁ?»

በዋይፋይ ብቻ መታመን በሌላውም ዓለም ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሎክስቴት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በዋይፋይ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ ወደ 500 የሚሆኑ ቁልፎችን ከጥቅም ውጭ አድርጓል። ከተጎዱት መካከል ቤታቸውን በኤርቢኤንቢ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩበት። ኮዱ እምቢ ሲል በሩን የከፈተው ያው የብረት ቁልፍ ነው።

ሰዓቱ የማን ነው?

ይህ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አይገኝም። ቁልፉ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው።

እንግዳዋ «ጃንዋሪ 19፣ 1:30 ላይ እደርሳለሁ» ብላ ጻፈች እንበል። ይህ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ጥር 10 ለ11 አጥቢያ፣ የጥምቀት ሌሊት። ባለቤቱ ኮዱን ሲያወጣ በእኛ አቆጣጠር አስቦ 7:30 ብሎ ካስገባ ኮዱ መሥራት የሚጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንግዳዋ ከሻንጣዋ ጋር 6 ሰዓት በሩ ላይ ቆመች ማለት ነው።

ስሕተቱ በሌላ በኩል ሲሆን ደግሞ ያስፈራል። አዲስ እንግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲገባ ታስቦ 8:00 ተብሎ ከተጻፈ ኮዱ የሚነቃው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የቀድሞው እንግዳ ገና ሻወር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለከሰዓት 8 ሰዓት የሚገባው 14:00 ነው።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን ሰዓት ማነጻጸሪያ ጽፈው የመዝገብ ደብተርዎ ላይ ይለጥፉ። ከውጭ ሆኖ የሚያስተዳድረው ወንድም ቁልፉ የአዲስ አበባን ሰዓት መያዙን ያረጋግጥ። ድንጋይ ከተቀየረ በኋላም ሰዓቱን በመተግበሪያው ያስተካክሉ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኮድ ሕይወቱ ሰዓቱ ነው። በቲቲሎክ የሚወጣ ባለ ጊዜ ገደብ ኮድ ከሚጀምርበት ሰዓት አንሥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ካልተጠቀሙበት እንደሚሰረዝም ይወቁ። በረራው ከአንድ ቀን በላይ ከዘገየ ለእንግዳው አዲስ ኮድ ይላኩለት።

ኮዱ የማን ነው?

ለእንግዳው አንድ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ አንድ፣ ለቤተሰቡ አንድ፣ ለጥበቃው አንድ ኮድ ይስጡ። ሁሉም በአንድ ቁጥር የሚገቡ ከሆነ አንድ ነገር ሲጠፋ ሁሉም ይጠረጠራል። የተለያየ ኮድ ካላቸው ግን መዝገቡ ማን መቼ እንደገባ ያሳያል፤ ይህም ከባለቤቱ ይልቅ ያለ ጥፋቷ ስሟ የሚነሣውን የቤት ሠራተኛ ይጠቅማል።

ሲኤምሲ አካባቢ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ይህን ቁልፍ ሲያስገጥም የከፋቸው የግቢው ጥበቃ ነበሩ። «እንግዲህ እኔን አላመናችሁኝም ማለት ነው» አሉ። የቤቱ እመቤት «ኧረ ጋሼ፣ ቁልፍ ሲጠፋ እርስዎ እንዳይጠየቁ ብለን ነው» ብለው የራሳቸውን ኮድ አስተማሯቸው። ዛሬ ሻንጣ ተቀብለው እስከ ፎቅ የሚያደርሱት፣ በሩ እምቢ ሲል ፓወር ባንክ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ቁልፉ ሲለወጥ በቁልፉ ዙሪያ የነበረው ሰው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

እንግዳውም መብት አለው። በረጅም ጊዜ ኪራይ የሚኖር ሰው መግቢያ መውጫው በባለቤቱ ስልክ ላይ እንደሚመዘገብ ማወቅ አለበት። በኒው ዮርክ ሄልስ ኪችን ሰፈር ተከራዮች ስማርት ቁልፍ በግድ ተጫነብን ብለው አከራያቸውን ከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረሰ ስምምነት የብረት ቁልፍ የማግኘት መብታቸውን አስከብረዋል። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጣት አሻራን የመሰለ ባዮሜትሪክ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ነው። ለ3 ቀን እንግዳ አሻራ መውሰድ አያስፈልግም፤ ኮድ ይበቃል። አሻራውን ለቤተሰቡ ይተዉት፤ ቁጥር ለሚረሱ አያትም እሱ ይቀላል።

ኮድ መታወቂያ እንደማይጠይቅም አይዘንጉ። እንግዳው ቁጥሩን ለሦስተኛ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ምዝገባን አይተካም።

የተከላው ቀን

ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ወዲያው አይሸኙት። በሩ ክፍት ሳለ መቀርቀሪያው 10 ጊዜ ይውጣና ይግባ፤ ከዚያ በሩ ተዘግቶ ይደገም። የብረት ቁልፉንና የመጠባበቂያ ኃይሉን ይሞክሩ። ዋይፋዩን አጥፍተው አዲስ ኮድ ያውጡና ያስገቡ። ከውስጥ ያለ ኮድና ያለ ቁልፍ፣ በእጀታው ብቻ የሚከፈት መሆኑን ያረጋግጡ፤ እሳት ቢነሣ ልጅም ሊከፍተው ይገባል። ሲገዛ የመጣውን የአስተዳዳሪ ኮድ ወዲያው ይለውጡ። መተግበሪያው የተመዘገበው በባለሙያው ሳይሆን በእርስዎ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል መሆን አለበት፤ በእሱ ስም ከሆነ የቤትዎ ባለ ቁልፍ እሱ ነው።

የምሠራው በማርኬቲንግ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ኤርቢኤንቢ እንግዶችን ነጥብ እንዲሰጡ ከሚጠይቃቸው 6 ጉዳዮች አንዱ አገባቡ ነው። ከረጅም በረራ በኋላ የመጣ ሰው ስለ ቤቱ መፍረድ የሚጀምረው በሩ ላይ ነው። ኮዱን ከመምጣቱ 1 ቀን በፊት ይላኩለት፤ የሰፈሩን ምልክት፣ የግቢውን በር ቀለም፣ የሚደወልለትን ሰው ስልክ ይጨምሩ። የኢሜይል መልእክቱን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መክፈት ላይችል ስለሚችል ከመነሣቱ በፊት ፎቶ አንሥቶ እንዲይዘው ይንገሩት።

ሁሉም ቤት ይህ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። በዓመት 3 ወይም 4 እንግዳ ብቻ የሚቀበል፣ ቤተሰቡም በዚያው ግቢ የሚኖር ከሆነ ግድግዳ ላይ የሚታሰር ባለ ቁጥር የቁልፍ ሣጥን ይበቃል፤ ቁጥሩን በየእንግዳው መቀየር ብቻ ነው። እንግዳ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት፣ ባለቤቱም ሩቅ የሆነበት ቤት ግን ወጪውን ይመልሳል። እናትም ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ፤ ጠዋት እንግዳው ሲነሣ ቡና አፍልተው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ለማለት ጉልበቱ ይኖራቸዋል።