ሁለት ሞኒተር፣ ሁለት ዋጋ

ለመሥሪያ ቤቶችና ለግለሰቦች የኮምፒውተር ዕቃ መርጬ እገጥማለሁ። በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሁለቱም 24 ኢንች፣ ሁለቱም ፉል ኤችዲ፤ ታዲያ አንደኛው እጥፍ ዋጋ የተቆረጠለት ለምንድን ነው?» ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ልዩነቱ በብር ሲሰላ ስለሚያስደነግጥ፣ ጥያቄው ተገቢ መልስ ይፈልጋል።

መልሱ ካርቶኑ ላይ በደማቁ ከተጻፈው አይገኝም። «ኤልኢዲ» የሚለው ከፓነሉ ጀርባ ያለውን መብራት ነው፤ ርካሹም ውዱም አለው። «1 ሚሊሰከንድ» የሚለው የምላሽ ፍጥነት ለጌም ተጫዋች እንጂ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ፋይዳ የለውም። በሚሊዮን የሚቆጠረው «ዳይናሚክ ኮንትራስት»ም መብራቱን እያደመቁና እያደበዘዙ የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ ለማወዳደሪያ አይሆንም።

እኔ መጀመሪያ የማየው ፓነሉን ነው። የፓነል አምራቾች ቢኦኢን፣ ኤዩኦንና ኢኖሉክስን የመሳሰሉ ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ የተለያየ ስም የተለጠፈባቸው ሁለት ሞኒተሮች ውስጣቸው ተመሳሳይ ፓነል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለስም ብቻ አልከፍልም። ሱቁ ውስጥ አስበርቼ፣ ነጭ ገጽ አስከፍቼ፣ ከጎንም ከታችም አያለሁ። ቲኤን የሚባለው ርካሽ ፓነል ከታች ሲታይ ይጠቁራል፤ አይፒኤስ ግን ከየትም ቢታይ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ በየተራ አስከፍቼ የሞተ ፒክስል እፈልጋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በስፋት ነው። ያው ፉል ኤችዲ 24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል ሲኖረው፣ 27 ኢንች ላይ ወደ 82 ይወርዳል። ለፊልም ችግር የለውም። የአማርኛ ጽሑፍ በትንሽ ፎንት ለሚያነብ ግን ይከብዳል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ከጎን ያለችው ጭረት ናት፣ እሷ ከደበዘዘች ዐይን ይደክማል። 27 ኢንች የፈለገ በ1440 ጥራት (ሪዞሉሽን) የሚሠራውን ይግዛ፤ ያ በኢንች 109 ያህል ፒክስል አለው፣ ተጨማሪ ገንዘቡም ያለ ምክንያት አልተጠየቀበትም።

ሌላው የዋጋ ልዩነት ያለው መቆሚያው ላይ ነው። ርካሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከማዘንበል አያልፍም፤ ውዱ ከፍና ዝቅ ይላል። ቀኑን ሙሉ ፒችትሪና ኤክሴል ላይ ለሚውል የሒሳብ ሠራተኛ የስክሪኑ አናት ከዐይኑ ትይዩ መሆን አለበት። ነገር ግን ከጀርባው በ100 ሚሊሜትር ርቀት የተበሱ አራት ቀዳዳዎች ካሉት፣ ርካሹን ገዝቶ የሞኒተር ክንድ ለብቻው መግጠም ይቻላል።

ዩኤስቢ ሲ ያለውን ሞኒተር የምመክረው ላፕቶፑ በዚያው ቀዳዳ ምስል ለሚያወጣ ሰው ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላለው ኤችዲኤምአይ ይበቃል።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አዳፕተሩ ከውጭ የሆነውን እመርጣለሁ። ቢቃጠል በቮልቱና በአምፔሩ ተመሳሳዩን ገዝቶ መቀየር ነው። በውስጡ የተገጠመው ሲቃጠል ግን ሞኒተሩ መፈታት አለበት። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ዕቃ የፋብሪካ ዋስትናው እዚህ ላይሠራ ስለሚችል፣ የሱቁ ዋስትና ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

በአጭሩ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ርካሹ 24 ኢንች አይፒኤስ በቂ ነው። ለማተሚያ ቤት ዲዛይን የሚሠራ ግን ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል 99 በመቶ የሚሸፍነውን ይግዛ፤ ካልሆነ የሚያየውና የሚታተመው አይገናኙም። ሻጩ ማብራት ከሰለቸው ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ ያልበራ ሞኒተር አይገዛም።