ባሕርና መዝገብ፦ የመሬትና የቤት አሻሻጮች ኑሮ በዲያኒ

የሞምባሳን ደሴት ከደቡቡ ምድር የሚለየውን የሊኮኒን የባሕር ሰርጥ በማሻገሪያ ጀልባ አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ለተጓዘ መንገደኛ፥ በኬንያ ጠረፍ ካሉት የመዝናኛ ስፍራዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው የዲያኒ ዳርቻ ከኮኮነት ዛፎች ኋላ ድንገት ይገለጥለታል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል ቋጥኝ የሕንድ ውቅያኖስን ማዕበል ስለሚሰብረው፥ በቋጥኙና በነጩ አሸዋ መካከል ያለው ውኃ ረግቶ ይውላል። ይህን ያየ እንግዳ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ «እዚህ አንዲት ቤት በኖረችኝ» ማለት መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ይህም ቃል ከአፉ እንደ ወጣ፥ ከሆቴሉ ዘበኛ አንሥቶ እስከ ሞተር ብስክሌት ነጂው ድረስ፥ የሚሸጥ ቦታ ያለውን ሰው የሚያውቅ ሰው አይታጣም።

ብዙ ሰው የአሻሻጭን ሥራ ቤት ማሳየትና ዋጋ ማስማማት ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። በዲያኒ ግን የማሳየቱን ሥራ ባሕሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ሙያውን አክብሮ የያዘ አሻሻጭ ጉልበቱን የሚጨርሰው፥ ባሕሩ ልቡን የወሰደበትን ገዢ እጁን ይዞ ወደ መዝገብ ቤት በመመለስ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሕጉ እንደሚለው ከሆነ፥ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚገባው በ1980ዎቹ በወጣው የአሻሻጮች ሕግ መሠረት ስሙ ሕጉ ባቋቋመው ቦርድ መዝገብ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን ከተመዘገበው አንድ ሰው ጀርባ ያልተመዘገቡ ብዙዎች ይቆማሉ፤ ባለቤቱን የሚያውቀው ሽማግሌ፥ ሽማግሌውን የሚያውቀው ባለ ሱቅ፥ ባለ ሱቁን የሚያውቀው የታክሲ ነጂ፥ እያንዳንዳቸው «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው በኮሚሲዮኑ ላይ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስለዚህ ብልህ አሻሻጭ ገዢውን ወደ ቦታው ከመውሰዱ አስቀድሞ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው በወረቀት ጽፎ ያስፈርማል፤ ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ፥ ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ የሚነሣው ጠብ ሽያጩን ራሱን ከማግኘት የበለጠ ያደክመዋል። የደላሎችን ሠልፍ በአዲስ አበባ ላየ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ሰዓት በማስማማት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብ እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቈጥር፥ ዘበኛው «ሦስት ሰዓት ላይ በሩን እከፍታለሁ» ያለውን ቃል ከሙኒክ የመጣው ገዢ በራሱ አቆጣጠር ተርጕሞት፥ እኛ ዘጠኝ ሰዓት በምንለው ጊዜ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ብቅ ይላል፤ ዘበኛው ግን ጧት ጠብቆ፥ ጠብቆ፥ ቁልፉን በኪሱ ከትቶ ሄዷል። አሻሻጩ ለአንዱ በፈረንጅ፥ ለሌላው በስዋሂሊ ሰዓት ሁለት ጊዜ መንገርን የሚማረው በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚታየው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በዚህ ጠረፍ በትልልቁ ሙላት ጊዜ ውኃው ከዝቅታው ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፥ አንዱ ቦታ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በሙላት ጊዜ ማዕበሉ ከአጥሩ ሥር ደርሶ ሰማያዊው ውኃ በበረንዳው ፊት ለፊት ይንጣለላል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ የመጣ ሰው ግን ውኃውን በሩቁ አጥቶት፥ በባሕር ሣርና በጭቃማ አሸዋ የተሸፈነ፥ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ስምንት እግሩን የባሕር አውሬ የሚያድኑበት ሰፊ ሜዳ ያያል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚመጣ ሰንጠረዡ በየአሻሻጩ ስልክ ውስጥ ይገኛል። መሸጥ ብቻ የሚሻው ሰው ገዢውን በሙላት ሰዓት ብቻ ይወስደዋል፤ ስሙን የሚጠብቀው ግን ሁለቱንም ያሳየዋል። እኔ ቦታ ልግዛ ብል፥ የአሻሻጩን ጠባይ የምለካው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ባሕሩ ጉድለት ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ስለ መዝገቡም ጉድለት ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም የሚናገረው አለ። በባሕሩ ዳር ያለው ቦታ «አንደኛ ረድፍ»፥ ከመንገዱ ማዶ ያለው «ሁለተኛ ረድፍ» ይባላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ አንደኛው ረድፍ ጨው የተቀላቀለበት ነፋስ የበሩን ማጠፊያና የመስኮቱን ብረት የሚበላበት፥ የጉድጓዱም ውኃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ የሚሆንበት ነው። ማኩቲ የሚባለው የኮኮነት ቅጠል ክዳን ቤቱን ቀዝቃዛና ውብ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት፥ እሳትም ይፈራል። ከእኛ ጉሬዛ ጋር ዘመድ የሆነው ጥቁርና ነጭ ጦጣ በየአጥሩ ላይ ይዘላል፤ በመኪና እንዳይገጭም የዱር አራዊት ጠባቂዎች በዳርቻው መንገድ ላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የገመድ መሰላል ዘርግተውለታል። እርሱ ቅጠል በል ስለ ሆነ ማንንም አያስቸግርም። የወጥ ቤት መስኮት ከፍተው የሚገቡት ሌሎቹ ጦጣዎች ናቸው፤ የሙዝ ዘለላ በጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ባሕር የወረደ አዲስ ባለ ቤት ይህን ትምህርት ደግሞ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ግን የሥራው ቅርፊት ነው፤ ፍሬው ያለው በወረቀቱ ዘንድ ነው።

ኦገስት 27 ቀን 2010 የጸናው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ65ኛው አንቀጹ፥ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በኪራይ ውል ብቻ መሆኑን፥ ያም ዘመን ከ99 ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ከዚያ በፊት ለዘለዓለም ወይም ለ999 ዓመት ተሰጥቷቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎችም ይዞታቸው ወደ 99 ዓመት ዝቅ ብሏል። በኩባንያ ስም እገዛለሁ ብሎ መሸሸግም አይቻልም፤ ኩባንያ እንደ ዜጋ የሚቈጠረው ባለቤቶቹ በሙሉ ዜጎች ሲሆኑ ብቻ ነውና። የከተማ መኖሪያ ቦታ በ99 ዓመት ሊዝ በሚሰጥበት አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ቍጥር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አያቱ የወረሱትን መሬት ለልጅ ልጁ ሊያወርስ የለመደው እንግሊዛዊ ግን «የራሴ ካልሆነ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ይነሣል፤ አሻሻጩም ከቡና ጋር አስቀምጦ ማስረዳት ይሆንበታል። በሙላቱና በጉድለቱ ምልክት መካከል ያለው ምድር ደግሞ በዚያው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ስለ ሆነ፥ «የግል ዳርቻ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ገዢ ማስታወቂያውን የጻፈውን ሰው ሊጠራጠረው ይገባል።

በእርሻነት የተመደበ መሬት ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለበት። እንዲህ ያለው መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ካልተገኘ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ለውጭ አገር ሰውም አይሰጥም። በዋጋው ርካሽነት ተስቦ ከውስጥ ያለውን ቦታ የተዋዋለ እንግዳ፥ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ውሉ እንዳልተጻፈ ሲቈጠር፥ በመጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ፈገግ እያለ ያሻሸጠውን ደላላ ነው፤ ደላላው ግን በዚያን ጊዜ ስልኩን ለውጧል።

ስለዚህ ከውሉ አስቀድሞ አሻሻጩ ወይም የገዢው ጠበቃ የአውራጃው ርእሰ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ክዋሌ ሄዶ የቦታውን ቍጥር ጽፎ ማመልከቻ ያስገባል። የሚፈልገው መዝገብ በልማድ «አረንጓዴ ካርድ» የሚባለው፥ በሦስት ክፍል የተከፈለ ሰነድ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የመሬቱን ስፋትና ዓይነት፥ ሁለተኛው ባለቤቶቹን በየተራቸው፥ ሦስተኛው መሬቱ የተሸከመውን ዕዳና እገዳ ይይዛል። የሠለጠነ ዐይን ፈጥኖ የሚያርፈው በሦስተኛው ላይ ነው። በዚያ የባንክ መያዣ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ወይም አንድ ወራሽ «ይህ መሬት ያለ እኔ ፈቃድ አይሸጥ» ብሎ ማስጠንቀቂያ አስመዝግቦ እንደ ሆነ፥ ሻጩ በእጁ የሚያሳየው የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ምንም ያህል ማኅተሙ ቢያበራ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያም ቀያሽ ይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በካርታው ላይ ያሉት የወሰን ድንጋዮች በምድር ላይ መኖራቸውን፥ ጎረቤትየውም አጥሩን ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አለመግፋቱን በዐይኑ ያረጋግጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ሟች ከሆነ የውርሱ ነገር መጀመሪያ በፍርድ ቤት ማለቅ አለበት።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። የጠረፉ ምድር ከባሕሩ ወደ ውስጥ 10 ማይል ያህል የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ሆኖ ሲኖር፥ ከ1895 ጀምሮ እንግሊዞች በሱልጣኑ ስም ያስተዳድሩት ነበር፤ ለኬንያ የተላለፈውም በ1963 በነጻነት ዋዜማ ነው። በ1908 የወጣው የመሬት ሕግ፥ መሬት አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ፥ ያልተመዘገበውም የዘውዱ መሬት እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፥ ሕጉን የሚያነቡና ጸሓፊ የሚቀጥሩ ሰዎች ሲጠቀሙበት፥ ርስቱን በጽሕፈት ሳይሆን በአያቶቹ መቃብርና በተከለው ኮኮነት የሚያውቀው የዲጎና የሌላውም የሚጂኬንዳ ሕዝብ አብዛኛው ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። በዚህም የተነሣ በገዛ ቀዬው እንደ ሰፋሪ ተቈጥሮ የሚኖር ሰው እስከ ዛሬ ብዙ ነው። በሞምባሳ ከተማም ቤቱ የአንዱ፥ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት የሌላው የሆነበት፥ ባለ ቤቱ ለባለ መሬቱ የመሬት ኪራይ እየከፈለ ትውልድ የሚያልፍበት ሥርዓት አለ፤ እዚያ «ቤት እሸጣለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ግድግዳውንና ክዳኑን ብቻ ሊሆን ይችላል። በገጠሩም በቀድሞው ልማድ መሬቱ የአንድ ሰው፥ በላዩ የቆመው ኮኮነት የሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የመሬት ዕደላው በሹማምንት እጅ ምን እንደ ደረሰበት፥ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰጡ የሕዝብ መሬቶችን መርምሮ በ2004 ዘገባውን ያቀረበው የንዱንጉ ኮሚሲዮን በሰፊው ዘርዝሮታል።

ስለዚህ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንኳ፥ አስተዋይ አሻሻጭ ወደ መንደሩ ሄዶ ሽማግሌዎቹን «ይህ ቦታ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁን አይተውም። ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ታላላቆቹን «ምዜ» እያለ ያከብራል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ሳይጠይቅ ስለ መሬት አያነሣም። ሽማግሌው ዝም ካለ ወይም «የሸጠው ልጅ ከየት አባቱ አመጣው?» ካለ፥ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ገዢውን ከፍርድ ቤት ሙግት አያድነውም። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን እንደ ትርፍ ድካም ሊያዩት ይችላሉ፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ የከበረው ክፍል ይህ ነው።

የቀረው በጠበቆች እጅ ያልፋል፤ በልማድ ከዋጋው 10 በመቶ ቀብድ ይከፈላል፥ ቀሪው በ90 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይዋዋላሉ፤ የመንግሥት ገማች ዋጋውን ከገመተ በኋላ ገዢው በከተማ ወሰን ላለ መሬት 4 በመቶ፥ ለገጠሩ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፍላል፤ ሻጩም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከ5 ወደ 15 በመቶ ከፍ ያለውን የትርፍ ግብር ይከፍላል። ግብሩ ከፍ ካለ ወዲህ ሻጭን ማግባባት የአሻሻጩ ተጨማሪ ዕዳ ሆኗል።

አሻሻጩ ደመወዝ የለውም። ከሰሜን የሚነፍሰው ካስካዚ ባሕሩን በሚያረጋጋበት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፥ ሆቴሎቹ ሞልተው ከናይሮቢ የሚመጣው አውሮፕላን በዲያኒ አጠገብ ባለችው ኡኩንዳ ላይ በየቀኑ እንግዳ ሲያራግፍ፥ ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ የኬንያ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱትም በጥር ስለ ሆነ የልጆቹን ክፍያ በዚያ ወር ማግኘት አለበት። ትልቁ ዝናብ በሚወርድበት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ግን ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ የባሕር ሣሩን በዳርቻው ይከምረዋል፥ አንዳንዱ ሆቴልም በሩን ይዘጋል። የወቅቱ ዝቅታ የሚታወቅ ነው፤ የማይታወቀው ሌላው ነው፤ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የተነሣው ሁከት፥ በ2014 የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ስለ ጠረፉ ያስጠነቀቁበት የሽብር ሥጋት፥ በ2020 የመጣው ወረርሽኝ፥ እያንዳንዱ የአሻሻጩን ስልክ ለወራት ጸጥ አሰኝቶታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋው ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ገዢ ይሳሳታል፤ ባለ ርስቱ ዋጋ ከሚቀንስ ቤቱ በጨው ሲበላ ማየትን ይመርጣል።

ስለዚህ የብዙዎቹ የዘወትር እንጀራ ሽያጩ ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ የሚመጣው ነው። ገዢው በዓመት ጥቂት ሳምንት መጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቁልፉን ለአሻሻጩ ይተዋል፤ አሻሻጩም የዘበኛውን ደመወዝ በኤምፔሳ ይልካል፥ የመብራቱን ቶክን ይሞላል፥ ቤቱን ለሳምንት ለሚከራዩ እንግዶች ያከራያል። ከዝናቡ አስቀድሞም ማኩቲ ሰፊዎቹን ይጠራና በዋጋ ይከራከራል፤ እነርሱ የቅጠሉን ብዛት ይቈጥሩበታል፥ እርሱ ደግሞ ከበርሊን የተላከለትን የገንዘብ መጠን ደብቆ ከግማሹ ይጀምራል።