የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የፓርቲ ታማኝነት እንዴት ተለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ1936 በተካሄደው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የዴሞክራቲክ ፓርቲው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ከተሰጠው ድምፅ ከ98 በመቶ በላይ አገኙ። ከ28 ዓመታት በኋላ፣ በ1964፣ በዚያችው ግዛት ያሸነፉት የሪፐብሊካን ፓርቲው ዕጩ ባሪ ጎልድዋተር ነበሩ።

የዚህ ለውጥ መነሻ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ይጀምራል። በ1860 የሪፐብሊካን ፓርቲው አብርሃም ሊንከን ሲመረጡ፣ በኋላ በተገነጠሉት በአብዛኞቹ ግዛቶች ለእርሳቸው የሚሰጥ የድምፅ ወረቀት እንኳ አልተሠራጨም። ባርነትን ለማስቀጠል የተገነጠሉት 11 ግዛቶች በ1865 ተሸንፈው ወደ ኅብረቱ ሲመለሱ፣ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ድምፃቸውን ለሊንከን ፓርቲ ሰጡ። አብዛኞቹ ነጮች ግን ሪፐብሊካንን የአሸናፊው ጦር ፓርቲ አድርገው በመቁጠር በዴሞክራቲክ ፓርቲ ዙሪያ ተሰባሰቡ። የፌዴራሉ ጦር በ1877 ከአካባቢው የነበረውን ሚና ሲያበቃ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ በዴሞክራቶች እጅ ገባ። ፖለቲከኞች አካባቢውን «ጽኑው ደቡብ» እያሉ መጥራት የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና ጽናቱ የሕዝቡ ሁሉ አልነበረም። ሚሲሲፒ በ1890 ባወጣችው ሕገ መንግሥት መራጮች 2 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር እንዲከፍሉና ንባብን ወይም የሕጉን ትርጉም የመረዳት ፈተና እንዲያልፉ ደነገገች። ፈታኙ ነጭ ሹም በመሆኑ ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕጎችን አወጡ። የዴሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫም በብዙ ቦታ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ይህን አሠራር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1944 ነው። በ1936 በሳውዝ ካሮላይና ድምፅ የሰጡት 115 ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የግዛቲቱ ሕዝብ ግን ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ነበር። 98 በመቶ የሚል የምርጫ ውጤት ሲነበብ፣ ድምፅ ያልሰጡት እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስንጥቅ በግልጽ የታየው በ1948 ነበር። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በዚያ ዓመት በጦር ኃይሉ ውስጥ የነበረውን የዘር መድልዎ የሚያስቀር ትእዛዝ የፈረሙ ሲሆን፣ ፓርቲያቸውም የዜጎች እኩል መብት እንዲከበር የሚጠይቅ አቋም ያዘ። በዚህ የተቆጡት የሳውዝ ካሮላይናው አገረ ገዥ ስትሮም ተርመንድ ለብቻቸው ተወዳድረው አራት ግዛቶችን አሸነፉ።

የጥቁር መራጮች ልብ በበኩሉ ከሊንከን ፓርቲ ቀስ በቀስ እየራቀ ነበር። በጥቅምት 1960 ማርቲን ሉተር ኪንግ በጆርጂያ ታስረው ሳሉ ዕጩው ጆን ኬኔዲ ለባለቤታቸው ለኮሬታ ስልክ ደወሉ። ቀደም ሲል ሪፐብሊካኑን ሪቻርድ ኒክሰንን ለመምረጥ አስበው የነበሩት የኪንግ አባት ከዚህ በኋላ ለኬኔዲ ድጋፋቸውን በይፋ ገለጹ።

ቁርጡ የታወቀው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን፣ ራሳቸው የደቡቧ ቴክሳስ ተወላጅ ሆነው፣ በሐምሌ 1964 የዜጎች መብት ሕግን ሲፈርሙ ነው። ሕጉን በሴኔት የተቃወሙት ጎልድዋተር በምርጫው በመላ አገሪቱ ክፉኛ ቢሸነፉም፣ አምስት የደቡብ ግዛቶችን ወሰዱ፤ በሚሲሲፒም 87 በመቶ ድምፅ አገኙ። ተርመንድም በዚያው ዓመት ሪፐብሊካን ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ደግሞ የመራጩን መዝገብ ለወጠው። በሚሲሲፒ ከ7 በመቶ በታች የነበረው የተመዘገቡ ጥቁሮች ድርሻ በ1967 ወደ 60 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የለውጡ አዝጋሚነት ነው። ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካንን የመረጠ የደቡብ ሰው ለምክር ቤት አባልነትና ለዳኝነት የሚያውቀውን ዴሞክራት መምረጡን ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። ነባር ተመራጮች በዋሽንግተን የኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ስለነበራቸው ለአካባቢያቸው መንገድና ግድብ ያስገኙ ነበር፤ መራጩም ይህን ጥቅም ለማጣት አልፈለገም። የጆርጂያው የለውዝ ገበሬ ጂሚ ካርተር በ1976 ከ11ዱ ግዛቶች ከቨርጂኒያ በቀር ሁሉንም አሸንፈዋል። ሪፐብሊካኖች በአካባቢው የአገሪቱን የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አብላጫ ያገኙት በ1994 ሲሆን፣ የአላባማን ግዛት ምክር ቤት የተረከቡት ደግሞ ከ136 ዓመታት በኋላ በ2010 ነው። ነባሮቹ ጡረታ ሲወጡ ወይም ሲሞቱ ወንበሩን የወረሰው ሌላው ፓርቲ ነበር።

ከዘር ጉዳይ ሌላ ከሰሜን የፈለሱ ባለሙያዎች የሰፈሩባቸው የከተማ ዳርቻዎች መስፋፋትና የወንጌላውያን ክርስቲያኖች በፖለቲካ መደራጀት ለለውጡ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ሆኖም ያለ 1964ቱ ውሳኔ እነዚህ ብቻቸውን ያን ያህል ርቀት ይወስዱ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

የሰው ፍልሰት በኋላ አንዳንዶቹን ግዛቶች በተቃራኒው አቅጣጫ ወስዷቸዋል። ከ1968 እስከ 2004 ያለማቋረጥ ሪፐብሊካንን የመረጠችው ቨርጂኒያ ከ2008 እስከ 2024 በተካሄዱት ምርጫዎች ሁሉ ዴሞክራቶችን መርጣለች። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ለዋና ከተማዋ የቀረበው የሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ ማደግ ሲሆን፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የዚሁ መራጭ ሕዝብ አካል ናቸው። በጆርጂያ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚገኙበት በአትላንታ ዙሪያም ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። በ2020 ከተሰጠው 5 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ጆ ባይደን ያሸነፉት በ11 ሺህ 779 ብልጫ ነበር፤ ወረቀቱም በእጅ እንደገና ተቆጥሯል። ከአራት ዓመታት በኋላ ግዛቲቱ ወደ ሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ ተመልሳለች።