ከትከሻ ቀዶ ሕክምና ምን እንጠብቅ?

በረኛ የሆነ አንድ ተማሪዬ በግቢ ውድድር ላይ ኳስ ለመያዝ ተወርውሮ በተዘረጋ ክንዱ ላይ በመውደቁ ትከሻው ወለቀ። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ደገመው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው በነገረው ማግስት ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ ከአንድ ወር በኋላ ለሚደረገው የፍጻሜ ጨዋታ እደርስ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የጥያቄው መልስ በከፊል በመካኒክስ ትምህርት ውስጥ ይገኛል።

በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሎሚ በማንኪያ ይዞ የሮጠ ሁሉ የትከሻን ችግር ያውቀዋል። የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ሎሚ ክብ ሲሆን፣ የሚያርፍበት ስፍራ ግን እንደ ማንኪያ ጥልቀት የሌለው ነው። ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ በበለጠ በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀሰው፣ በቀላሉም የሚወልቀው በዚህ ምክንያት ነው። «ሎሚው» እንዳይወድቅ የሚጠብቁት ጡንቻዎች፣ ጅማቶች እና «ላብረም» የተባለው በ«ማንኪያው» ጠርዝ ዙሪያ ያለ ቀለበት ናቸው። ትከሻ ወደ ፊት ሲወልቅ ይህ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከአጥንቱ ይላቀቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ብላንዴል ባንካርት ይህን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1923 ገልጸውታል፤ ቀለበቱን መልሶ ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ቀዶ ሕክምናም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው አንድ ክንዱ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ክንዱን ወደ ጎን ሲዘረጋ የክንዱ የክብደት ማዕከል ከትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለሆነም ክንዱ ወደ ታች የሚያሽከረክርበት ቶርክ 3 × 9.8 × 0.3፣ ማለትም 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ክንዱን የሚያነሡት ጡንቻዎች ግን ከመገጣጠሚያው ማዕከል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው ስለሚስቡ 300 ኒውተን የሚደርስ ኃይል ያስፈልጋቸዋል። ይህም 30 ኪሎ ግራም እንደመሸከም ማለት ነው! ከትከሻው 60 ሳንቲ ሜትር በሚርቀው እጁ አንድ ሊትር ውሃ ቢይዝ ደግሞ ሌላ 200 ኒውተን ይጨመራል። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል ዕቃ እንኳ እንዳይነሣ የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

የሐኪሙ ክር የተላቀቀውን በቦታው ይይዛል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ሰውነት ራሱ ነው፣ ይህም ጊዜ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ክንድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንገቻ ታስሮ ይቆያል። ከዚያም የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ይከተላል። ግጭት ወዳለበት ስፖርት መመለስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እጅግ አሳሳቹ ነገር ሕመሙ ከጅማቱ ቀድሞ መዳኑ ነው፤ ሕመም የለም ማለት ትከሻው ጠንክሯል ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እንጠብቅ? ቀዶ ሕክምናው ትከሻው ዳግም የመውለቁን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብዙዎችም ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። ይሁንና ክንድን ወደ ውጭ የማዞር አቅም በመጠኑ ሊቀንስ፣ የቀድሞው ብቃትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በተለይ ወጣት ስፖርተኞች ላይ ትከሻው እንደገና ሊወልቅም ይችላል። በሌላ በኩል ትከሻው የወለቀ ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ራጅ ሳይነሡ በወጌሻ ማስጎተት ግን የተሰበረ አጥንትን ወይም ነርቭን የባሰ ሊጎዳ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻል።

ለተማሪዬ፣ «ለዘንድሮው ፍጻሜ አትደርስም፤ ለከርሞው ለመድረስ ግን ዘንድሮ መታገሥ ይኖርብሃል» አልኩት። መልሴ አላስደሰተውም፤ ስሌቱን ግን በደብተሩ ገልብጦ ሄደ።