ማኅደር

መሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። «እስቲ ማኅደሩ ይውጣ» ሲባል የቅጥር ደብዳቤው፣ የዓመት ፈቃዱ፣ ያ የተረሳ ማስጠንቀቂያ ሳይቀር ተጠርዞ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ፍርድ ቤት ይህንኑ «መዝገብ» ይለዋል፤ ሐኪም ቤት ደግሞ «ካርድ»።

የገዳም ዕቃ ቤት ለገባ ግን ማኅደር ወረቀት ሳይሆን ቆዳ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት፣ በመጽሐፉ ልክ ተቆርጦ የተሰፋ፣ ክዳንና ረጅም ማንገቻ ያለው ከረጢት። የመጽሐፉን የእንጨት ገበታ የሚያለብሰው ጌጠኛ ቆዳ ድጉሰት ነው፤ ማኅደሩን ከዚያ በላይ የሚደረብ ካፖርት በሉት። ቤት ውስጥ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አይጥም እርጥበትም እንዳያገኘው። መንገድ ሲወጣ ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ዳዊቱን ሳይዝ የማይንቀሳቀስ ካህን ዝናብ ቢመጣ ብዙ አይጨነቅም።

ቃሉ ከግዕዙ «ኀደረ» ነው፤ በአማርኛችን አደረ። ከነበረ መንበር እንደሚወጣ፣ ከኀደረም ማኅደር፤ ማደሪያ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ማኅደረ መለኮት የምትላት በዚሁ ትርጉም ነው። እኔ ቃሉን የምወደው ለዚህ ነው፤ ያደረ ሊነጋ ሲል ይነሣል። መጽሐፉም የሚከተተው ተመልሶ ሊወጣ ነው እንጂ ሊቀበር አይደለም።

የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የዘረፋቸው ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። እንዲህ ያሉትን የኢትዮጵያ ብራናዎች የሚመዘግቡ የውጭ ባለሙያዎች ለዚህ ከረጢት የሚሆን ቃል ከራሳቸው ቋንቋ ከማሳደድ ይልቅ «ማኅደር»ን ብዙ ጊዜ እንዳለ በላቲን ፊደል ይጽፉታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት የደከሙበት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል። የተፈለገው ጽሑፉ ነበርና መጽሐፉ ካሜራው ፊት ይቀርብ የነበረው ማኅደሩን አውልቆ ነው። ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው፤ የቆዳውን ወዝ የሚያይበት ዓይን የለውም።

ኮምፒዩተርም ቃሉን ወስዶ «ማኅደረ ትውስታ» ብሏል፤ አልከፋም።

መጽሐፉ ጠፍቶ ከረጢቱ ብቻ ቢቀርስ? በልክ የተሰፋ ነውና እጅ አስገብቶ መለካት ይቻላል፤ ቁመቱ ይህን ያህል ስንዝር፣ ውፍረቱ ይህን ያህል ጣት።