የተጣበቀው ገጽ፦ ስለ ጡት ነቀርሳና ስለ ሜቲል

በአንድ የብራና መጽሐፍ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ ሁለት ቅጠሎች ቢጣበቁ አንባቢው ሳያውቀው ዘሎ ያልፋል። ጽሕፈቱ አልተፋቀም፤ ፊደሉም አልተሳሳተም፤ ቢሆንም ያ ገጽ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለ ጡት ነቀርሳ ለመጻፍ ስንነሣ ይህን ምሳሌ ያስቀደምነው፣ በአንዳንድ የነቀርሳ ሴሎች ውስጥ የሚሆነው ነገር ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

ሁላችንም እንደተማርነው፣ የሴል መመሪያ የተጻፈው በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ነው፤ ጽሕፈቱም ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ የተባሉ አራት ፊደላት ብቻ አሉት። ታዲያ የጉበት ሴልና የጡት ሴል አንድ ዓይነት ጽሕፈት ይዘው ሳለ ሥራቸው ስለ ምን ተለያየ? እያንዳንዱ ሴል የሚያነበው ለርሱ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ስለ ሆነ ነው። የማያስፈልገው ገጽ ከሚዘጋባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲል ነው። ሜቲል ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራ ሲሆን፣ ይልቁንም ሲ ከጂ ቀድሞ በሚገኝበት ስፍራ በሲ ላይ ይለጠፋል። በጂኑ መነሻ ላይ ሜቲል ሲበዛ ጂኑ ዝም ይላል። የሚለጥፉት ዲ.ኤን.ኤም.ቲ. የተባሉት ኤንዛይሞች ናቸው፤ ለማንሣት የሚረዱት ደግሞ ቴት የተባሉት ናቸው። እንዲህ ያሉት ከጽሕፈቱ በላይ የሚገኙ ምልክቶች በአንድነት ኤፒጄኖም ይባላሉ።

እንግዲህ ወደ ነቀርሳው እንመለስ። ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 የተባለው ጂን፣ የተሰበረ ዲ.ኤን.ኤ. በሚጠገንበት ጊዜ የሚረዳ ፕሮቲን ያሠራል። ሜሪ ክሌር ኪንግና የሥራ ጓደኞቿ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጂኑ ስፍራ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑን አመለከቱ፤ በ1994 ጂኑ ራሱ ተለይቶ ታወቀ። ይህ ጂን የታወቀው በይበልጥ ከወላጅ በሚወረሰው የፊደል ስሕተት ነው። ነገር ግን ጤነኛ ጂን የወረሱ አንዳንድ ሴቶች ዕጢ ሲመረመር፣ ፊደሉ ሳይጓደል የጂኑ መነሻ በሜቲል ተሸፍኖ ተገኝቷል። ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው፤ ጠጋኙ ፕሮቲን ይጠፋል፣ ስብራቱም ይከማቻል።

ይሁን እንጂ የተፋቀን ፊደል ከመመለስ የተጣበቀን ገጽ ማላቀቅ ይቀላል። በ2004 በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የመቅኔ በሽታ የተፈቀደው አዛሲቲዲን የሜቲልን መለጠፍ ያግዳል። ግን ገጽ አይመርጥም፤ መጽሐፉን በሙሉ ወደ እሳት እንደ ማስጠጋት ነው፤ ተዘግቶ መኖር የሚገባውም ይከፈታል።

ስለዚህ ገጹን ለይቶ የሚያገኝ ጣት ተፈለገ። በ2012 ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ፣ ካስ 9 የተባለው የባክቴሪያ ፕሮቲን በአር.ኤን.ኤ. እየተመራ የታዘዘውን የዲ.ኤን.ኤ. ስፍራ እንደሚቆርጥ አሳዩ፤ ለዚሁም ሥራ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2013 ደግሞ ስለቱ የዶለዶመ ካስ 9 ተዘጋጀ፤ ይህም ስፍራውን ያገኛል እንጂ አይቆርጥም። በ2016 ተመራማሪዎች ይህን ዶልዳማ ካስ 9 ከቴት 1 ጋር አጣምረው፣ ኤም.ሲ.ኤፍ. 7 በተባሉት በላቦራቶሪ በሚራቡ የጡት ነቀርሳ ሴሎች ውስጥ ወደ ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 መነሻ ላኩት። ሜቲሉ ቀነሰ፤ ጂኑም ከበፊቱ አብልጦ ይነበብ ጀመር። ከፊደላቱ አንዱም እንዲቆረጥ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ እልል ብለን ብንጨርስ ግን አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በሳሕን ውስጥ ያለ ሴል ሰው አይደለም። መሣሪያው በሰው አካል ውስጥ ወደ እያንዳንዱ የነቀርሳ ሴል መድረስ አለበት፤ ባልታዘዘበት ስፍራም ሊያርፍ ይችላል። ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ኦላፓሪብን የመሰሉ መድኃኒቶች (ይህ በ2018 በአሜሪካ የቢ.አር.ሲ.ኤ. ስሕተት ለወረሱ አንዳንድ የጡት ነቀርሳ ሕሙማን ተፈቅዷል) ነቀርሳውን የሚገድሉት ራሱን መጠገን ስላቃተው ነው። በሜቲል ምክንያት ጂኑ ዝም ያለበት ዕጢ ሜቲሉን ካራገፈ ግን መጠገን ይጀምርና ከእንዲህ ያለው መድኃኒት ያመልጣል። እንግዲህ ገጹን መክፈት በሽተኛይቱን ሳይሆን በሽታውን የሚጠቅምበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «መክፈት እንችላለን ወይ?» ከሚለው ይልቅ «የትኛውን ገጽ፣ ለማን፣ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

የጡት ነቀርሳ በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ነቀርሳዎች ሁሉ ዋነኛው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ኤፒጄኖምን ማረም ለነርሱ ዛሬ መድኃኒት አይደለም፤ ገና ምርምር ነው። ከመካከላችን ሕክምናና ኬሚስትሪ የሚያጠኑት ጥያቄውን ይያዙት። ሁላችንም ግን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ወይም እኅት ብትኖረን ሳትደብቅና ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለመንገር የምንጠብቀው አዲስ ግኝት የለም።