የድንች ዓይንና ከበስተኋላው ያለው ስንቅ

በገበያ ቀን ወደ ግሽ ዓባይ የሚወጣውን ድንች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ለሽያጭ የሚቀርበው ሁልጊዜ ትልቅ ትልቁ ነው። መካከለኛው ለቤት ቀለብ ይቀራል። ደቃቁ፥ ማንም የማይገዛውና ለመላጥም የማይመቸው፥ በጆንያ ታስሮ ከአልጋ ሥር ወይም ከጎተራ ጥግ ይቀመጥና ለዘር ይሆናል። ይህ ልማድ በሰከላ ብቻ ሳይሆን በአገራችን ድንች በሚበቅልበት ደጋ በብዙ ስፍራ የሚታይ ነው። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ከስንፍና አይደለም፤ ገንዘብ የሚያወጣውን ሸጦ የማያወጣውን መትከል በሂሳብ ረገድ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ «ዘሩ ደከመ፤ መሬቱ ድንች ጠላ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። መሬቱ ድንች አልጠላም።

ነገሩን ለመረዳት ከዓይኑ መጀመር ያስፈልጋል። ድንች ሥር አይደለም፤ ፍሬም አይደለም። ከመሬት በታች ሆኖ ያበጠ ግንድ ነው። በላዩ የምናያቸው ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች፥ ዓይን የምንላቸው፥ በማናቸውም ቅርንጫፍ ላይ በቅጠሉ ብብት ከሚገኙት እንቡጦች ጋር በተፈጥሮ አንድ ናቸው። በአንዱ ዓይን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ያህል ጥቃቅን እንቡጦች ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ መካከለኛው ቀድሞ ይጎነቁላል፥ እርሱ ቢሰበር ከጎኑ ያለው ይተካዋል። ድንቹ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ እትብት፥ ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ ራስ ብንለው፥ ዓይኖቹ በራሱ በኩል ተሰብስበው በእትብቱ በኩል ሳስተው እናገኛቸዋለን። የምንጭ መነሻም በአማርኛችን ዓይን ይባላል፤ ከዓባይ ምንጭ አጠገብ ለሚኖር ሰው ከጠባብ ዓይን የሚወጣው ሁሉ ከበስተኋላው ከተጠራቀመው እንደሚመጣ ማስረዳት አያሻም። የድንቹም እንዲሁ ነው።

ጉንቁሉ ሥሩን በአፈር እስኪተክልና ቅጠሉን ለፀሐይ እስኪዘረጋ ድረስ ምግቡን ራሱ ሊያዘጋጅ አይችልም። እስከዚያ ቀን የሚኖረው እናቱ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው። የስንቁ ልክ የመንገዱን ርዝመት ይወስናል። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወደ 0.3 ግራም ትመዝናለች፤ በዚሁ ክብደት ጤፍ ቢቆጠር ወደ 1,000 ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በቆሎ የሚዘሩ ገበሬዎች ፍሬውን ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢያለብሱት ገፍቶ ይወጣል፤ ጤፍን ግን ያን ያህል የቀበረው ሰው ዳግመኛ አያየውም። ባሕር ዛፍም ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያወጣው ቀንበጥ ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ የሚያድገው፥ በቅርፊቱ ሥር ተኝቶ የነበረው እንቡጥ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ስንቅ ትልቅ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዘር ድንች እንመለስ። ለተከላ የሚመረጠው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፥ ከ40 እስከ 60 ግራም የሚመዝን ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 75፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ፥ ቃዳ የምንለው ሩብ ሄክታር ወደ 11,100 እግር ይይዛል። ዘሩ 45 ግራም የሚመዝን ከሆነ 5 ኩንታል ያስፈልጋል ማለት ነው። ዘሩ 90 ግራም ቢሆን 10 ኩንታል ይፈጃል፤ 20 ግራም የሚመዝን ደቃቅ ከሆነ ግን 2 ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም። ደቃቁን የሚያስመርጠው ይህ ልዩነት መሆኑ ግልጽ ነው።

ደቃቁ ድንች ዓይኑም ጥቂት፥ ስንቁም ጥቂት ስለሆነ 1 ወይም 2 ግንድ ያወጣል። ዝናቡ ቢዘገይ፥ ወይም ጉንቁሉ በበረዶ ቢመታ፥ ለሁለተኛ ጊዜ ለመነሣት የሚያስችል ጉልበት የለውም። የእንቁላል ልክ ያለው ከ3 እስከ 5 ግንድ ያወጣል፤ ቅጠሉም ቶሎ ተገናኝቶ መሬቱን ስለሚሸፍን አረም አይበረታበትም። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ድንች መትከል ግን የታሰበውን ያህል ጥቅም አይሰጥም። ግንዱ ሲበዛ ከሥር የሚይዘው ድንች ቁጥሩ ይበዛል፥ ነገር ግን አንድ ማሳ የሚያበላው ምግብ የተወሰነ ስለሆነ እያንዳንዱ ይደቃል። ለገበያ ትልልቅ ድንች የሚፈልግ ሰው ትልልቅ ዘር ቢተክል ያሰበውን ተቃራኒ ሊያገኝ ይችላል። ለዘር የሚያመርት ገበሬ ግን የግንድ ብዛት ይጠቅመዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጽ ይገባል። ትልቅ ድንች ስለተከልን ትልቅ ድንች አይወለድም፤ ትንሽም ስለተከልን ትንሽ አይወለድም። በሬ ከኮርማና ከላም እንደሚወለደው ድንች ከሁለት ወላጅ አልተወለደም። ከዓይኑ የሚበቅለው ልጅ ሳይሆን ያችው እናት ራሷ ናት፥ ዕድሜዋ ቀጥሎ። ከአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ፥ ከሆለታ የወጡት ጉዳኔና በለጠ፥ ደቃቁም ትልቁም ያው ዘንገና፥ ያው በለጠ ነው።

እንግዲያው ደቃቁን መትከል ዘሩን የሚያደክመው ለምንድን ነው? ምክንያቱ እናቲቱ ከቀጠለች በሽታዋም አብሯት ስለሚቀጥል ነው። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ አማካይነት እንደሆነ ይጻፋል፤ በደጋው አገር እየተስፋፋ የሄደውም እስከዚያው ምዕት ዓመት መጨረሻ፥ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ ባስገደደበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በእጅ ሲተላለፍ ቫይረስ የተባሉት ተላላፊ ሕመሞችም አብረው ተላልፈዋል። እነዚህን ሕመሞች ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምታቸው በቅጠሉ ጀርባ የምናየው ክሽክሽ ነው። የታመመው ተክል ቅጠሉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፥ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይሆናል፥ ቁመቱም ያጥራል። አይሞትም። የሚያፈራው ግን ጥቂትና ደቃቅ ድንች ነው። እንግዲህ በቁፋሮ ጊዜ ድንቹ ሁሉ በአንድ ክምር ከተቀላቀለ በኋላ ደቃቁን ለዘር የሚለይ ሰው፥ ሳያውቀው ከጤነኞቹ ይልቅ የታመሙትን እየመረጠ ይተክላል። በየዓመቱ እንዲህ ሲደረግ ማሳው ቀስ በቀስ የሕሙማን ማሳ ይሆናል።

መድኃኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ምርጫው ከክምሩ ላይ ሳይሆን ከማሳው ላይ ይደረግ። ድንቹ ማበብ ሲጀምር በመስመሩ መካከል እየተመላለሳችሁ፥ ግንዱ ጠንካራ፥ ቅጠሉ ጤነኛና ዘርጋ ያለ እግር ባገኛችሁ ቁጥር ከአጠገቡ ቀጭን እንጨት ትከሉ። ከ2 ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፤ ምልክት ካደረጋችሁበት መካከል የታመመ ቢገኝ እንጨቱን ንቀሉ። አጠውልግ የተባለው በሽታ የያዘው እግር ቢገኝ ከነሥሩና ከነድንቹ ተነቅሎ ከማሳው ይውጣ። የማሳው ቁፋሮ ሳይጀመር ምልክት ያላቸው ለብቻ ይቆፈሩ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን እግር ተመልከቱ፤ ብዙና መልካም ድንች ከያዘው እግር የተገኘ ደቃቅ ድንች ቢኖር ለዘር መዋሉ ነውር የለበትም። ስንቁ ትንሽ ይሁን እንጂ እናቱ ጤነኛ ናት፤ ጠጋ ጠጋ አድርጎ በለሰለሰ መሬት መትከል ነው። ጥቂትና ቅርጹ የተበላሸ የያዘ እግር ግን፥ ከመካከሉ የእንቁላል ልክ ያለው ድንች ቢገኝም፥ ለምግብ ይሁን። በኬንያ በገበሬዎች ማሳ በተደረገ ሙከራ ይህ አመራረጥ ምርቱን በአማካይ በሲሶ ያህል ከፍ አድርጎታል።

«5 ኩንታል ጥሩ ድንች ከገበያ አስቀርቼ ልጆቼን በምን ላልብስ?» የሚል ገበሬ እውነት አለው። ነገር ግን ሂሳቡ እንደሚያስፈራው አይደለም። ከ1 እግር 8 የዘር ልክ ያለው ድንች ቢገኝ፥ 1,400 እግር ምልክት ማድረግ ለ1 ቃዳ ዘር ይበቃል። ይህ ከቃዳው 1 ስምንተኛው ነው፤ የቀረው ለገበያ ይወጣል። በቆላና በወይና ደጋ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ክሽክሽ በሙቀት ስለሚበረታ ዘራቸው ፈጥኖ ይደክማል። እነርሱ በየጥቂት ዓመቱ ከሰከላ ደጋ ካለ፥ በምርጫው ከሚታመን ገበሬ ዘር ቢለውጡ ይጠቀማሉ፤ ለሰከላውም ሰው ዘር መሸጥ ለምግብ ከመሸጥ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝለት ይችላል።

የዘር መጠን መልካም ቢሆንም ዓይኑ ጊዜውን ካልጠበቀ ስንቁ ይባክናል። ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዓይነቱ 2 ወይም 3 ወር ያህል ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ ቢተከል አይነሣም፥ ወይም ተዘበራርቆ ይወጣል። ከእንቅልፉ እንደነቃ መጀመሪያ የሚጎነቁለው በራሱ ጫፍ ያለው ዓይን ነው፥ እርሱም ሌሎቹን ይይዛቸዋል። በዚያን ጊዜ የተተከለ ድንች 1 ግንድ ብቻ ያወጣል። ጥቂት ቢቆይ ሌሎቹም ዓይኖች ይነሣሉ፤ ለተከላ የሚሻለው ይህ ጊዜ ነው። ከዚያ አልፎ ቢቆይ ያረጃል፥ ድንቹ ይጨማደዳል፥ ጉንቁሉም እንደ ክር ይቀጥናል። አንዳንዱም ቅጠል ሳያወጣ እንዳለ ሌላ ጥቃቅን ድንች ሲወልድ ይታያል።

በጨለማ ቤት የተቀመጠ ድንች ብርሃን ፍለጋ ነጭና ረጅም ጉንቁል ያወጣል። ይህ ሁሉ ከስንቁ የወጣ ነው፥ በተከላም ጊዜ ይሰበራል። ብርሃን ባለበት፥ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማያገኘው ስፍራ የተቀመጠው አጭር፥ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጉንቁል ያበጃል። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ማከማቻው ከባሕር ዛፍ አጠናና ከቀርከሃ ሊሠራ ይችላል፤ ግድግዳው ነፋስና ብርሃን የሚያሳልፍ፥ ክዳኑ ወደ ውጭ ረዘም ያለ የሣር ክዳን፥ ውስጡ የቀርከሃ መደርደሪያ ይሁን። ድንቹ በመደርደሪያው ላይ 2 ወይም 3 ድርብ ያህል ብቻ ይነጠፍ። እንዲህ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት ስላለው ለሰውም ለከብትም ምግብ አይሁን።

ዘር ሲያጥር ትልቁን ድንች ቆራርጦ መትከል በአንዳንድ አገር የተለመደ ነው። በእኛ ዝናባም አገር አልመክረውም። ቢላዋው አጠውልግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፥ ቁስሉም በእርጥብ አፈር ይበሰብሳል።

የእንቡጥና የስንቅ ነገር በእንስሳትም ይታያል፤ በዶሮ ላይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። በአስኳሉ ላይ የምትታየው ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ነጭ ነጥብ ጫጩት የምትሆነው እርሷ ናት፤ የቀረው አስኳልና ነጩ ለ21 ቀን የተሰናዳ ስንቅ ነው። ጫጩቱ ሲፈለፈል የእንቁላሉን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይመዝናል፤ ከ40 ግራም እንቁላል ወደ 27፥ ከ60 ግራም እንቁላል ወደ 40 ግራም ማለት ነው። ከመፈልፈሉ በፊት የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚያስገባ 2 ወይም 3 ቀን በእርሱ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ለምታቅፍ ዶሮ ቄብ የጣለቻቸውን የመጀመሪያ ደቃቅ እንቁላሎች ማስታቀፍ፥ ደቃቅ ድንች እንደ መትከል ነው። ከመጠን ያለፈ ትልቁም፥ ብዙውን ጊዜ አስኳሉ ሁለት ስለሆነ፥ አይፈለፈልም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የእንቁላሉ መጠን ያመጣው ልዩነት እየጠፋ ይሄዳል፥ እድገቱን የሚወስነው ዝርያውና የሚበላው ይሆናል።

በላምም ቢሆን ትልቅነት ለብቻው በጎ አይደለም። በትንሽ ጊደር ላይ የትልቅ ኮርማ ዘር ቢደረግ ጥጃው በማኅፀን ከመጠን ያልፍና ምጡ ይከብዳል። ጥጃ ደግሞ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ አይወጣም፤ ስንቁ እንገሩ ነው፥ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ሊጠጣ ይገባዋል።

ድንች የሚተክሉ ገበሬዎች ወሩን ከወዲሁ ይቁጠሩ። በመስከረምና በጥቅምት የተቆፈረው የክረምት ድንች ለኅዳር መስኖ ገና አልነቃም፤ ለሚቀጥለው ሰኔ ደግሞ አርጅቶ ይደርሳል። ለሰኔ ተከላ የሚስማማው በመስኖ ተመርቶ በመጋቢት የሚቆፈረው ነው። ስለዚህ እንጨት የሚተከልበት የመስኖው ድንች አበባ ጊዜ ነው፤ ማከማቻውም ከቁፋሮው በፊት ተሠርቶ ይጠብቅ።